ከባሕር ዳር ተነስቶ በፒስታ፦ ወንዝም ጫካም ያለበት የሳይክል መንገድ የምታውቁ?

ዳገት_ፈሪ
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ከአዲስ አበባ እናንተ ጋ ልመጣ ነው፣ ሳይክሌም አብራኝ ትመጣለች። ግራቭል የሚሏት ናት፣ መሪዋ እንደ ኮርሳ የታጠፈ ጎማዋ ግን ወፈር ያለ፣ 40 ሚሊ ሜትር። አስፋልት ላይ ከሲኖትራክ ጋር መጋፋት ሰልችቶኛል፣ የምፈልገው ፒስታ ነው፣ ወንዝ ወንዙን የሚሄድ፣ ጫካና ኮረብታም ካለበት በጣም ደስ ይለኛል። በቀን 60 ወይ 70 ኪሎ ሜትር ብችል ነው፣ ዳገት ላይ ደግሞ ስሜን እዩት። ካርታው ላይ ከከተማው ዙሪያ ብዙ ቀጫጭን መስመር አለ ግን የትኛው የሰው መንገድ የትኛው የፍየል መንገድ እንደሆነ አይናገርም። ጎማ ቢበሳብኝስ ገጠር ውስጥ ጎሚስታ አገኛለሁ?

ደንገል
ጫካ ካልክ ዘጌ ነው፣ ሌላ አትፈልግ። የሐይቁን ምዕራብ ዳር ይዘህ ትሄዳለህ፣ እንፍራንዝ ጋ ረግረጉን ታገኛለህ (የከተማው የመጠጥ ውሃ ከዛ አካባቢ ምንጮች ነው የሚመጣው፣ ወፉን ለማየትም ቆም በል)፣ ከዛ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ላይ ዘጌ ነህ። አብዛኛው ሜዳ ስለሆነ ላንተ ይስማማሃል ሃሃ። ባሕረ ገብ መሬቱ ውስጥ ስትገባ ግን ሌላ አገር ነው፣ ቡናው ትልልቅ ዛፍ ስር ነው የሚበቅለው፣ እኩለ ቀን ላይም ቢሆን ጥላ ነው፣ ጦጣው ከላይ ይንጫጫል። ጫካው እስካሁን የቆየው ለምን መሰለህ፣ እዛ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ክልክል ነው። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነ ይባላል፣ ሕዝቡም በነሱ ነው የሚተዳደረው። ሌላው የጣና ዳር እስከ ውሃው ድረስ ሲታረስ እሱ ቀረ። ውስጥ ውስጡ ያለው ግን የእግር መንገድ ነው፣ ሥርና ድንጋይ የበዛበት፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትሄድ ወርደህ ግፋ፣ ነጠላ ለብሰው የሚመለሱ እናቶችን በደወል እንዳታስደነግጥብን። ስትመለስ ከደከመህ ሳይክሏን ሞተር ጀልባ ላይ ጭነህ መምጣት ነው፣ ዋጋውን ግን ከመጫንህ በፊት ተስማማ።

ፓራፋንጎ
ደንገል ያለው ጥሩ ነው ግን ልጁ መጀመሪያ ያለው ወንዝ ነው እኮ። እኔ ጢስ ዓባይ ነው የምለው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአንዳሳ በኩል ነው የምታልፈው፣ ዓባይ ወደሚወርድበት ስለምትሄድ ስትሄድ ቁልቁለቱ አይታወቅህም፣ ስትመለስ ግን በደንብ ይታወቅሃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ፊት ለፊትህ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጣ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ መመለስ ጀምር። በዋናው መንገድ ብቻ አትሂድ፣ አይሱዙና ባጃጅ አቧራውን ያለብሱሃል፣ ግራና ቀኝ ወደ መንደሮቹ የሚገባ የአፈር መንገድ አለ፣ ገበሬውን "ይህ መንገድ የት ያወጣል" ብለህ ጠይቅ፣ ከካርታው ይሻላል። ፏፏቴው ጋ ስትደርስ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻገር፣ ሳይክሉን እየገፋህ ማለቴ ነው። ከድልድዩ ቁልቁል ገደሉን ስታየው ዓባይ ምን ያህል ጠቦ እንደሚያልፍ ይገርምሃል፣ ለኔ ከፏፏቴው ይልቅ እሱ ነው የሚበልጥብኝ።

ዳገት_ፈሪ
ፏፏቴው ደርቋል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እውነት ነው? ለዛ ብዬ 60 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ሄጄ እርጥብ ድንጋይ አይቼ እንዳልመጣ።

ፓራፋንጎ
በጋ ከመጣህ ልክ ናቸው። እዛው አጠገቡ ጢስ ዓባይ አንድና ሁለት የሚባሉ የመብራት ኃይል ማመንጫዎች አሉ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ የሚባለው ማመንጫ ሥራ ጀመረ፣ እሱ 460 ሜጋ ዋት ነው፣ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ ዳር ወስዶ ወደ በለስ ነው የሚጥለው፣ ማለት በፏፏቴው በኩል አያልፍም። ስለዚህ ከጥር በኋላ ቀጭን ነው። ጥቅምት ላይ ግን ክረምቱ የሞላው ሐይቅ ገና ስላልጎደለ ጥሩ ታየዋለህ፣ ጊዜውን በደንብ ነው የመረጥከው።

ካቴና
ስለ መንገድ ብዙ ተባለ፣ ስለ አፈሩ ግን ማንም አልነገረህም። እዚህ አገር መንገድ የሚመረጠው በኪሎ ሜትር አይደለም በአፈር ነው። ጠጠርና ቀይ አፈር ከሆነ ዝናብ ዘንቦ በማግስቱ ትነዳበታለህ፣ ዋልካ ከሆነ ግን ረስተው። ጥቅምት ላይ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ዝናብ ሊጥል ይችላል። ዋልካ ጎማው ላይ ይጠመጠማል፣ ፓራፋንጎ ካለህ በሱና በጎማው መሀል ገብቶ ቸርኬው መዞር ያቆማል፣ ሳይክሏን ተሸክመህ ነው የምትመለሰው። (ፓራፋንጎ ወንድሜ ስምህን አይደለም የምሰድበው።) ስለዚህ ፓራፋንጎውን አዲስ አበባ ጥለኸው ና። በምሥራቅ በኩል በሐሙሲት አልፌ ፎገራ ሜዳ ልግባ እንዳትል፣ ጉማራና ርብ ክረምት ላይ የሚያጥለቀልቁት የሩዝ ማሳ ነው፣ ቢያንስ እስከ ታኅሣሥ ይድረቅ።

ጎማ፦ የግራር እሾህ አለ ስለዚህ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ ያዝ። ጎሚስታ በየከተማው አለ ግን ኮምፕረሰሩ የመኪና ነው፣ ያንተ ሳይክል ቀጭኑ ቫልቭ ከሆነ አፉ አይገባም፣ ትንሿን የነሐስ መቀየሪያ አዲስ አበባ ፈልገህ ኪስህ ክተት፣ ወይ የእጅ መንፊያ ያዝ። ደግሞ ራስህ ንፋው፣ የለመዱት የአይሱዙ ጎማ ስለሆነ ድንጋይ አድርገው ነው የሚሰጡህ። 40 ሚሊ ሜትር ላይ ኪሎህ 70 አካባቢ ከሆነ 40 ፒ ኤስ አይ ይበቃል፣ ከዛ በላይ ከሆነ ኮረኮንቹ ክንድህን ነው የሚጨርሰው።

የአገው_ፈረስ
ሁላችሁም ባሕር ዳርን ብቻ ነው የምታወሩት፣ ኮረብታና ጫካ የሚባለው እኛ ጋ ነው እኮ። ሳይክልህን መኪና ላይ ጫንና እንጅባራ ውረድ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ እኛ 2,500 አካባቢ ነን፣ ብርዱን ቻለው። ዘንገና ሐይቅ ከአስፋልቱ ዳር ነው፣ ዙሪያው ጫካ ነው። ወደ ፋግታ ለኮማ በኩል ደግሞ ኮረብታው ሁሉ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው፣ ገበሬው ተክሎ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ይቆርጠዋል፣ መልሶ ጤፍ ይዘራና እንደገና ይተክላል፣ ስለዚህ ዘንድሮ ጫካ የነበረው ለከርሞ ማሳ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። በመሀሉ የከሰል መኪና የሚገባበት የአፈር መንገድ በሽ ነው። ዳገት ትፈራለህ አሉ ግን ትንሽ ማርሽ ካለህ ምን አለበት። ጥር 23 ከመጣህ ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ታያለህ፣ እሱ ቀን ሳይክል ይዞ መውጣት ግን ፈረሱን ማስደንበር ነው።

ደንገል
አገው እውነትሽን ነው ግን ሰውዬው ዳገት ፈሪ ነኝ ብሎ ስሙን አውጥቶ አንቺ 2,500 ትይዋለሽ?

የአገው_ፈረስ
ባሕር ዳርማ ሜዳ ስለሆነ ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው!

ፎኒክስ_62
ልጆች እኔ ባሕር ዳር ላይ ሰው ሁሉ ፎኒክስ ሳይክል በሚነዳበት ጊዜ ጀምሬ ነው የምነዳው፣ ባጃጅ ሳይበዛ ማለት ነው። ስለ አፈርና ስለ ጎማ ካቴና የተናገረው ትክክል ነው። ግን ለእንግዳ መጀመሪያ የሚነገረው ሌላ ነው። ልጄ፣ የመንገዱን ሰላም ጠይቅ። በዚህ ጊዜ መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል፣ ካርታም እኛም ከወር በፊት የምንነግርህ አይሠራም። ማታ ያደርክበት ሆቴል ጠይቅ፣ ጠዋት ከዛ አቅጣጫ የመጣ ሹፌር ጠይቅ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ አትውጣ፣ ከተማው ውስጥ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተህ ዓባይን አይተህ ውረድ፣ እሷም ዳገት ናት። መታወቂያ ያዝ። ካሜራ አንገትህ ላይ አታንጠልጥል። ሲመሽ ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ውሃ ዳር አትንዳ፣ ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ማታ ነው፣ በሱና በውሃው መሀል የገባ ሰው ጥሩ አይገጥመውም።

ዳገት_ፈሪ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ። ሰላም ከሆነ የመጀመሪያ ቀን ዘጌ፣ ቀጥሎ ጢስ ዓባይ፣ እንጅባራን ደግሞ ትንሽ ጉልበት ስይዝ። ካቴና፣ መቀየሪያዋን የት ነው የማገኘው? እዚህ ሱቅ ጠይቄ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አጣሁ።

ካቴና
ሱቅ አትጠይቅ። ያገለገለ ኮርሳ የሚሸጡ ልጆችን ጠይቅ፣ "ለቀጭን ቫልቭ የምትጠለቀዋ" በላቸው፣ ቫልቩንም አሳያቸው። ሁለት ግዛ፣ አንዷን እኔ እወስዳለሁ።