ጭስ ጭስ የሚል የሱፐርማርኬት ሲንግል ሞልት እንዴት ይቀመሳል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሱፐርማርኬቱ በራሱ ስም የታሸገ፣ ጭስ ጭስ የሚል የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት ውስኪ ገዝቻለሁ። 40% ነው፤ ዕድሜውም የሠራው ፋብሪካ ስምም አልተጻፈበትም። ስቀምሰው ከሚያቃጥል አልኮልና ከሆስፒታል ሽታ በቀር ሌላ ነገር አልለይም። ችግሩ የውስኪው ነው ወይስ የአቀማመሴ? ሁለተኛ ጠርሙስ ከመግዛቴ በፊት በምን ልመዝነው?

መላሽ 1፦
ወንድሜ፣ የሆስፒታል ሽታው ጉድለት አይደለም። የዚህ ውስኪ ብቅል የሚደርቀው በፒት ጭስ ነው። ፒት ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የዕፅዋት ብስባሽ ሲሆን ተቆርጦ፣ ደርቆ ይነዳል። ጭሱ ፌኖል የሚባሉ ውህዶችን ብቅሉ ላይ ይተዋል። ከእነሱ መካከል ክሬሶል የፋሻና የመድኃኒት፣ ጓያኮል ደግሞ የእንጨት ጭስ ሽታ አላቸው።

ማቃጠሉ ግን በአብዛኛው ከአቀማመስ ነው። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ያዝ። 20 ሚሊ ሊትር ቀድተህ 10 ደቂቃ አቆየው። ብርጭቆውን አገጭህ ጋ ያዝና አፍህን ከፈት አድርገህ ቀስ በቀስ ወደ አፍንጫህ አስጠጋው። አንዴ በኃይል ከሳብከው አፍንጫህ ይደነዝዝና ለደቂቃዎች ምንም አይለይም፤ ያኔ ብርጭቆውን አስቀምጠህ የራስህን ክንድ አሽት። በመጀመሪያው ጉንጭ አትፍረድ፣ እሱ አፍን ማለማመጃ ነው። ሁለተኛውን 10 ሰከንድ ያህል ምላስህ ላይ አዙረህ ዋጠው፤ ከዋጥክ በኋላ በአፍንጫህ አስወጣና ያን ጊዜ የሚመጣውን ጻፍ።

መላሽ 2፦
ውሃውን እንዳትረሳ። ለ20 ሚሊ ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብትጨምር 40% የነበረው ወደ 36% ገደማ ይወርዳል፤ ሙሉ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ከሆነ 32% ይሆናል። ከዚያ በላይ ከሄድክ በ40% የታሸገ ውስኪ ይሳሳብሃል። በረዶ ለመቅመስ አይሆንም፤ ቅዝቃዜው ሽታውን ያፍነዋል፣ የሚቀርልህም ምሬት ነው።

ውሃው ክሎሪን የሚሸት መሆን የለበትም። ክሎሪን ከፌኖል ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል ይፈጠራል፤ እሱ ደግሞ በጣም በትንሽ መጠንም ቢሆን አፍንጫ የሚይዘው የመድኃኒት ሽታ አለው። ሆስፒታል ሆስፒታል ያለህ በቧንቧ ውሃ በርዘኸው ከሆነ በታሸገ ውሃ ደግመህ ሞክር።

መላሽ 3፦
እኔ የምለው ጭሱን ትተህ ከሥሩ ያለውን ፈልግ። በርካሽ ጭሳም ውስኪ ላይ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። ዕድሜ አለመጻፉ አያስደንግጥህ፤ በስኮትላንድ ሕግ ውስኪ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት፣ የዚህ ዓይነቱ ደግሞ በወጣትነቱ ጭሱ ጎልቶ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ያምርበታል። ውሃ ከገባበት በኋላ ቫኒላ፣ ሎሚ ወይም ጣፋጭ የብቅል ጣዕም ብቅ ካለ መሠረቱ ጥሩ ነው። የሊጥ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ካለ ግን በርሜሉ ሥራውን አልጨረሰም። የረጠበ ካርቶን ሽታ የቡሹ ብልሽት ምልክት ነው፤ ያን ጠርሙስ መልሰው።

በቀለሙ ደግሞ አትታለል፤ ካራሜል መጨመር በሕግ የተፈቀደ ነው። ጽሑፉንም ደህና አድርገህ አንብብ። «ሲንግል ሞልት» ማለት ከአንድ ፋብሪካ፣ ከብቅል ገብስ ብቻ ነው። «ብሌንድድ ሞልት» ከሆነ የብዙ ፋብሪካ ድብልቅ ነው።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ጀርባው ላይ 35 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 35 እጅ ፌኖል) ይላል። ኮል ኢላ የሚባለው የስኮትላንድ ውስኪም 35 ገደማ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ታዲያ ጭሱ እኩል ነው ማለት ነው?

መላሽ 3፦
አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ቁጥር ብቅሉ ላይ የተለካው ነው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አይደለም። ከፌኖሉ ብዙው በጥንስሱና በማጣራቱ ሂደት ጠርሙሱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ላጋቩሊንና ኮል ኢላ ሁለቱም በስኮትላንድ አይላ ደሴት ያሉ የውስኪ ፋብሪካዎች ሆነው፣ ከአንድ የብቅል ፋብሪካ፣ በ35 አካባቢ የሆነ ብቅል ሲወስዱ ኖረዋል፤ ጣዕማቸው ግን ለየቅል ነው። የመዳብ ጋኑ ቅርጽና የማጣራቱ ፍጥነት ለውጥ ያመጣሉ። በተለይ ከባዶቹ ፌኖሎች ወደ መጨረሻ ስለሚወጡ ፍሳሹን ለውስኪው መሰብሰብ የሚቆምበት ሰዓት ብዙ ይወስናል።

መላሽ 4፦
ከታወቀ ውስኪ ጋር ማወዳደር ከፈለግህ ስሙን ሳታይ አድርገው። ሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆ፣ በሁለቱ አንዱን ውስኪ፣ በሦስተኛው ሌላውን፣ 10 ሚሊ ሊትር እየሆነ ሌላ ሰው ይቅዳልህ፤ ምልክቱን ከሥር ይጻፍ። የአልኮል መጠናቸው ከተለያየ መጀመሪያ እኩል አድርጋቸው፤ 46% የሆነውን 20 ሚሊ ሊትር በ3 ሚሊ ሊትር ውሃ ብትበርዘው 40% ይሆናል። ያለዚያ የምትለየው ጣዕሙን ሳይሆን ጥንካሬውን ነው። ከዚያ የተለየው የትኛው እንደሆነ ተናገር። በግምት የማግኘት ዕድልህ ከሦስት አንድ ስለሆነ አንድ ጊዜ መልስህ ቢሰምር ምንም አያረጋግጥም፤ በተለያየ ቀን አራት ጊዜ ካገኘኸው ግን በግምት የመሆኑ ዕድል ከ81 አንድ ብቻ ነው። ጭስ ምላስ ላይ ስለሚቆይ በየመሀሉ ውሃ ጠጣ፣ ቅምሻውንም ብትተፋው ይሻላል።

ሁለተኛ ጠርሙስ ስትገዛ ደግሞ የመጀመሪያውን የምርት ኮድ ጽፈህ ያዝ፤ አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱ ላይ ታች ታትሞ ታገኘዋለህ። ሱፐርማርኬቱ ስሙን ሳይቀይር የሚሠራለትን ፋብሪካ ሊቀይር ይችላል። ኮዱ ከተለየ እንደ አዲስ ውስኪ ቆጥረህ ቅመሰው።