በቆሎ እንጫን ወይስ ብር እንላክ?

ሰብሳቢው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትግራይ ውስጥ ወደ ቀያቸው ለሚመለሱ ተፈናቃዮች ያዋጣነው ብር ተቀምጧል። ከዚህ ከጅማ በቆሎ ገዝተን እንጫን ወይስ ብሩን በእጃቸው እንስጥ? መንግሥትና ረጂዎችም ሲወዛገቡበት የኖሩት ነገር ነው። ተከራከሩ፤ ስድብ የለም።

የመርካቶው እህል ነጋዴ፦ ምኑ ያከራክራል? ከኦሞ ናዳና ከቀርሳ የሚመጣው በቆሎ ምርት በደረሰ ሰሞን ዋጋው ወድቆ ገበሬው ያለቅሳል። የውጭ ስንዴ ደግሞ በጅቡቲ ይገባል። የራሳችንን እንግዛ!

የጤና ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እሱ ጥር ላይ ሲገዙ ነው። አሁን ሐምሌ ነው። በዚህ ወቅት ከገበያ በብዛት ካነሱ የጅማው ደሀ ላይ ይወደዳል። ደግሞ የተለመደው ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ጥቂት ዘይት ነው። ለወፍጮ፣ ለማገዶ፣ ለሳሙና የሚሆነውን ሰው ከዚያው ቀንሶ ይሸጣል፤ ያውም በርካሽ። ብሩን ብትሰጡት ምን እንደጎደለው እሱ ያውቃል።

የአይሱዙ ሹፌር፦ እውነቷን ነው። ከዚህ አዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መቀሌ እስኪደርስ ናፍጣው በቆሎውን ይበላዋል ወላሂ።

እርዳታ ሲያከፋፍል የነበረ፦ ብር ብር አትበሉ። ከሰኔ 2013 ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ባንክ ተዘግቶ፣ ደብተሩ ላይ ብር ያለው ሰው ተርቧል። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2015 ነው መከፈት የጀመረው። ገበያ በሌለበት ብር ወረቀት ነው።

የጤና ተማሪዋ፦ ያ በጦርነቱ ጊዜ ነው፣ ወንድሜ። እህሉስ መች ተረፈ? በ2015 የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ በትግራይ፣ ሰኔ ላይ በመላ አገሪቱ እርዳታ ያቋረጡት እህሉ ገበያ ላይ እየተገኘ ነው። ሰረቀ የተባለው ሌላ፣ ጦሟን ያደረችው ወረፋ የያዘችው እናት። ጥር 2017 ላይ ደግሞ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አገደች። ለጋሽ ባስነጠሰ ቁጥር የእኛ ሰው ይታመማል።

የሰፋሪ ልጅ፦ ልግባ። አባቴ በ1977 ድርቅ ከወሎ ተጭኖ ኢሉባቡር የወረደ ነው። የሰፈረባትን ጎጆ የሠሩት የአገሬው ገበሬዎች ናቸው፤ ወደው ሳይሆን በዘመቻ ታዘው፣ የራሳቸው ማሳ አረም ውጦት። ስንዴው ለሰፋሪ ብቻ ይታደላል፣ እነሱ ቆመው ያያሉ። አባቴ ሲያወራ «ረሃቡን በዓመቱ ረሳሁት፤ ጎረቤቴ ቡና ጠጣ ብሎ እስኪጠራኝ ግን አራት ዓመት ፈጀ» ይል ነበር። እናንተ ስለ ተመላሹ ታወራላችሁ፤ ሳይሰደድ እዚያው የተራበው ጎረቤቱስ? ለተመላሽ ብቻ የሚሰጥ ነገር፣ ብርም ይሁን በቆሎ፣ አልስማማም። ለሁሉም የሚሆን አንድ ወፍጮ እንትከል።

የመርካቶው እህል ነጋዴ፦ ወፍጮ በምን መብራት?

የሰፋሪ ልጅ፦ በናፍጣ ይሠራል።

የአይሱዙ ሹፌር፦ የመኪና ኪራይ አልጠይቅም፣ ናፍጣዬን ብቻ ቻሉኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ያዋጣነው ስንት ነው? ማንም አልተናገረም።

ሰብሳቢው፦ ወፍጮ አይገዛም። የወፍጮ ድንጋይ ምናልባት።