የተሰረዘው ዋጋ ከእንግዶቼ ጋር እያጨቃጨቀኝ ነው

ገርጂ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም በመተግበሪያ አከራያለሁ። እንግዶቼ በአብዛኛው ለገናና ለጥምቀት የሚመጡ ዳያስፖራዎች ናቸው። ዋጋዬ በአዳር 50 ዶላር ነው፤ ሳምንትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ 20 በመቶ እቀንሳለሁ። መተግበሪያው ታዲያ የሰባት አዳሩን 350 ዶላር በመስመር ሰርዞ አጠገቡ 280ን በደማቁ ይጽፈዋል።

ይህን ያየ ሰው መደበኛ ዋጋዬ በአዳር 40 ይመስለዋል። ሁለት ቀን ልጨምር ብሎ ለብቻው ሲይዝ ግን በ50 ይመጣበታል። «ሀበሻ ስለሆንኩ ነው የጨመርሽብኝ?» ያለኝ አለ። ሌላዋ ደግሞ የተሰረዘውን «የውሸት ዋጋ» ብላ አስተያየት ላይ ጻፈችብኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ አላምንም።

ቅናሹን አጥፍቼ ሞከርኩ። የሳምንት እንግዳ ጠፋ፤ የመጣው ሁሉ ሁለት አዳር ብቻ። አንሶላ ማጠቡና የጽዳት ሠራተኛ ክፍያው ትርፉን በላው። ለሁሉም 40 ባደርገው ደግሞ በአጭር ቆይታ እከስራለሁ። ማብራሪያ ላይም ጽፌዋለሁ፣ ግን ማን ያነበዋል?

የሳምንቱን ቅናሽ ሳያነሳ፣ ያ የተሰረዘ ዋጋ ለእንግዳው እንዳይታይ ማድረግ የቻለ አከራይ ካለ፣ እንዴት አደረጋችሁት?