ማስቲካ ሙሌቴን ነቀለው፣ እስከ ማክሰኞ ምን ላድርግ?

የፔዳ ልጅ፦ ሰዎች ድረሱልኝ! ማስቲካ እያኘክሁ የጥርሴ ሙሌት ተነቅሎ ወጣ። የኋላ መንጋጋዬ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እስከ ጆሮዬ ይነዝረኛል። ዛሬ እሁድ ነው፣ የማውቃቸው ክሊኒኮች ዝግ ናቸው። ነገ በጠዋት ለሥራ በጀልባ ወደ ዘጌ ነኝ፣ የምመለሰው ማክሰኞ። ሱፐር ግሉ አለኝ። መልሼ ልለጥፈው?

ቀበሌ 14፦ ሱፐር ግሉ?! አንቺ፣ ጥርስ ነው እኮ፣ የተቀደደ ጫማ አይደለም!

ጣና ዳር፦ ቅርንፉድ ያዢበት።

ጋሽ መፋቂያ፦ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የማስቲካ ጣጣ ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን በልተው አሲድ ይሠራሉ፣ አሲዱ ጥርስ ይበላል። በእኛ ጊዜ የወይራ መፋቂያ ነበር። ጠዋት ትፍቂያለሽ፣ አለቀ። አሁን አፋችሁ ቀኑን ሙሉ እንደ በግ ያመነዥካል...

የጀልባ ሰው፦ ጋሼ፣ ልጅቷ አሞኛል ነው ያለችው፣ ምከሩኝ አላለችም 😂

ነጭ ጋውን፦ ጥርስ ክሊኒክ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ነገር ማስቲካው ጥፋተኛ አይደለም። ደህና የያዘ ሙሌት በማስቲካ ብቻ አይነቀልም። ጠርዙ ተከፍቶ ወይ ከሥሩ ተቦርቡሮ ይሆናል። ማስቲካው የላላውን ሳበው እንጂ። ለመሆኑ ስኳር ያለው ነው?

የፔዳ ልጅ፦ አዎ፣ ሰፈር ሱቅ ያለው እሱ ብቻ ነው። ማስቲካው ነው ያስነቀለኝ፣ ሌላ ምን ይሆናል?! ወይስ እንደ ጋሽ መፋቂያ ላልቅስ?

ጣና ዳር፦ ቅርንፉድ አልኩሽ እኮ።

ነጭ ጋውን፦ እሺ፣ ስሚኝ። ሱፐር ግሉን ጣይው፣ ድድሽን ያቃጥልሻል። ለብ ባለ የጨው ውሃ ተጉመጥመጪ። የወጣው ሙሌት ካለሽ ያዢው፣ ሐኪሙ ያየዋል። ፋርማሲ ጊዜያዊ መድፈኛ ካገኘሽ እሱ ይሻላል። ካጣሽ ደግሞ፣ አትሳቂ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ አኝከሽ ሲለሰልስ ቀዳዳው ላይ ጠቅ አድርጊው። ለቀን ሁለት ቀን ይሸፍንልሻል። ስኳር ያለው ግን ሕመሙን ያብሳል። አስፕሪን ድድሽ ላይ እንዳታስቀምጪ፣ ያቆስላል። ፊትሽ ካበጠ ወይ ካተኮሰሽ ዘጌን ተዪና ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ቀበሌ 14፦ ሌባውን መልሶ ዘበኛ ማድረግ ነው! 😂

ነጭ ጋውን፦ ጋሼ ስለ ስኳሩ ልክ ናቸው። ስኳር የሌለው ግን ሌላ ነው። ምራቅ ያበዛል፣ ምራቁ አሲዱን ያለዝባል። የአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንዳንዶቹ ማረጋገጫ ይሰጣል። ከምግብ በኋላ 20 ደቂቃ ማኘክ ይረዳል። መቦረሽን ግን አይተካም።

ጋሽ መፋቂያ፦ አሜሪካ ወይራ የለማ!

የጀልባ ሰው፦ ቅርንፉድ ግን እውነት ነው። የሱን ዘይት ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። በጥጥ ትንሽ ነካ አድርጊበት፣ ብዙ ከሆነ ያቃጥላል። ዘጌ ስትደርሺ ደግሞ ቡናውን በሌላኛው ጎን ጠጪ፣ ትኩስም ይነዝራል።

ጣና ዳር፦ ቅርንፉድ 👍

እናት ዓለም፦ ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። ልጄ ማስቲካ ዋጠብኝ። ሆዱ ላይ ይጣበቃል ይላሉ?

ነጭ ጋውን፦ አይጣበቅም፣ ከሰገራው ጋር ይወጣል። ብዙ ብዙ የሚውጥ ትንሽ ልጅ ግን አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል፣ ልማድ እንዳያደርገው።

ቀበሌ 14፦ የፔዳ ልጅ፣ ተሳፈርሽ ወይስ?