ክርክር፦ ቡዳ እንደ ድራኩላ ፊልም ይሁን?

ከደሴ (ጠያቂው)፦
የሰፈራችን ወጣቶች አጭር አስፈሪ ፊልም ሊሠሩ ነው። ታሪኩ ስለ ቡዳ ነው። ሴትየዋ ቀን ሸክላ ትሸጣለች፣ ማታ ጅብ ሆና ሰው ትበላለች። ፈረንጆች ከመቃብር ተነሥቶ የሰው ደም ይመጣል በሚሉት ሙት፣ በቫምፓየር፣ ስንት ዘመን ነገዱ። እኛ የራሳችን እያለን ለምን ዝም እንላለን? ይሠራ ወይስ ይቅር?

ከኮምቦልቻ፦
ወላሂ ይሠራ! ብራም ስቶከር የሚባል አየርላንዳዊ ድራኩላ የተባለውን የቫምፓየር ልቦለድ በ1897 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የድራኩላን ግንብ ያስቀመጠባትን የዛሬዋን የሩማንያ ክፍል ትራንሲልቫኒያን በእግሩ ረግጧት አያውቅም፤ መጽሐፍ አገላብጦ ነው የጻፈው። ዛሬ ሰው ሩማንያ ድረስ ሄዶ የብራንን ግንብ «የድራኩላ ቤት» ብሎ ይጎበኛል። እኛ ጋ ጅቡም አለ፣ ጭሱም አለ፣ ክታቡም አለ። ላሊበላን ሊያይ የመጣ እንግዳ ተረታችንንም ይዞ ቢመለስ ማን ይጎዳል?

ከሐይቅ፦
ወንድሜ፣ ማን እንደሚጎዳ ልንገርህ። ድራኩላ ልቦለድ ነው። ገበያ አይወጣም፤ ልጁ ትምህርት ቤት አይሰደብም። ቡዳ የሚባለው ግን ጎረቤታችን ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ጀበና ዘርግታ የምትቀመጠው ሴት ናት። ማረሻችንን የሚሠራልን ቀጥቃጭ ነው። አፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ዛሬም «ከነሱ ጋር አትጋቡ» የሚል አይጠፋም።

ቫምፓየሩም ቢሆን መጀመሪያ መዝናኛ አልነበረም። በ1725 እ.ኤ.አ. ሰርቢያ ውስጥ ፔታር ብላጎየቪች የተባለ ገበሬ ሞተ። ከሱ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌሎች የመንደሩ ሰዎች ሞቱ። መቃብሩን ከፈቱት። ሬሳው አልፈረሰም፣ አፉ ላይ ደም አለ ተባለ። ልቡን በሹል እንጨት ወግተው አቃጠሉት። ነገሩ ግን ከሬሳ የሚጠበቅ ነበር። ሬሳ በውስጡ ጋዝ ሲሞላ ይነፋል። ጋዙ ፈሳሹን ወደ አፍ ይገፋዋል። ቆዳው ሲሸሽ ጥፍሩ ያደገ ይመስላል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1755 እ.ኤ.አ. ሐኪሟን ቫን ስዊተንን የቫምፓየርን ወሬ አስመርምራ እንዲህ ያለውን መቃብር መክፈት ከለከለች።

ሮድ አይላንድ፣ አሜሪካ ደግሞ ሜርሲ ብራውን የምትባል የ19 ዓመት ልጅ በ1892 እ.ኤ.አ. በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ወንድሟም ያንኑ በሽታ ታሞ ነበር። ደሙን የምትመጠው እሷ ናት ብለው አስከሬኗን አወጡ። ልቧን አቃጥለው አመዱን በጥብጠው አጠጡት። ልጁ አልዳነም። እኛስ ስንቱን ሕፃን «ቡዳ በላው» እያልን ሐኪም ቤት ሳናደርስ ቀረን? ልዩነቱ አንድ ነው፤ እነሱ የከሰሱት ሬሳ ነው፣ ሬሳ አይሰማም። እኛ የምንከሰው ሰው በሕይወት አለ፤ ይሰማል።

ከወልዲያ፦
የሐይቁ ልጅ ልክ ነው፣ ግን ተረት ይለወጣል። በስቶከር መጽሐፍ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል። ፀሐይ የምታጠፋው ቫምፓየር በ1922 እ.ኤ.አ. በኖስፌራቱ ፊልም የመጣ ነው። ያኔ አንድ ፊልም ሠሪ የጨመረውን ዛሬ ሁሉም የጥንት እምነት አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋን አውጡ፣ ጅቡን አስቀሩ።

ከሐይቅ፦
ማውጣቱ ብቻ አይበቃም። «ቡዳ» ብላችሁ ከጠራችሁ ተመልካቹ ራሱ ሸክላ ሠሪዋን ይጨምራታል። እኔ የምለው፣ ታሪኩ ይገልበጥ። ሕፃን ታመመ። መንደሩ ጭስ ይዞ በሴትየዋ ደጃፍ ተሰበሰበ። ካሜራው ከውስጥ፣ ከእሷና ከልጆቿ ጋር ይሁን። ከዚያ የበለጠ የሚያስፈራ ምን አለ?

ከኮምቦልቻ፦
አሁን እሱ የመንግሥት ትምህርት ሊሆን ነው። ሰው ጅቡን ሊያይ ነው የሚመጣው። እኔ አሁንም ይሠራ ባይ ነኝ፤ መጀመሪያው ላይ «ልቦለድ ነው» ተብሎ ይጻፍ።

ከሐይቅ፦
አብሽር፣ እንከራከራለን። ግን ያ ጽሑፍ ገበያ መሀል ለምትሰደበዋ ሴት ምን ያደርግላታል?

ከደሴ (ጠያቂው)፦
ሁለታችሁንም ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን አሁን ገባኝ። ከቡድኑ ውስጥ እናቱ ሸክላ የምትሠራ ልጅ አለ፤ እስካሁን አንድም ቃል አልተናገረም። ጽሑፉን መጀመሪያ እሱና እናቱ ያንብቡት።