ጾም የአንጎልን ነርቭ ያጸዳል የሚባለው እውነት ነው?

ነርሷ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ቲክቶኩ ሁሉ «ጾም ኦቶፋጂ ይቀሰቅሳል፣ አንጎል ያጥባል፣ ኖቤል ያሸለመ ግኝት ነው» ይላል። አባባ ፓርኪንሰን አለባቸው። ይህን ሰምተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም፤ የጠዋቷን የፓርኪንሰን መድኃኒታቸውን፣ ሌቮዶፓንም ትተዋታል። ኦቶፋጂ ማለት ሴል ያረጀ ዕቃውን ፈጭቶ መልሶ መጠቀሙ እንደሆነ ተምሬያለሁ። የነርቭ ሴልንም የሚያዘው ረሃብ ነው?

ማይክሮስኮፕ ቤት፦
እህቴ፣ ኖቤሉ እውነት ነው፤ ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ተሸልሟል። ያስራበው ግን እርሾ ነበር! ጉበትም ሲራብ ይታዘዛል፦ ኤምቶር የሚባለው ፕሮቲን ሥራውን ሲያቆም ኦቶፋጂው ይነሣል። ነርቭ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። የኖቦሩ ሚዙሺማ ቡድን በ2004 አይጦችን አስርቦ ሲያይ ጉበትና ጡንቻ ላይ ጨመረ፤ አንጎል ላይ ለውጥ አልታየም። በ2010 የአጭር ጊዜ ጾም በአይጥ አንጎል ውስጥም ጨምሮታል የሚል ጥናት ስለወጣ ክርክሩ አልተዘጋም።

እኔ የምውለው ከአይጥ ነርቭ ጋር ነው። አረንጓዴ የሚያበራ ምልክት ስናደርግበት፣ ቆሻሻ የሚሰበስበው ከረጢት አክሰኑ (የነርቭ ሴሉ ረጅም ክር) ጫፍ ላይ ሲፈጠር ይታያል፤ ሳይራብ፣ በጠገበ ሴል ውስጥ። ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይልና ዳይኒን የተባለው ሞተር ፕሮቲን እየጎተተ ወደ ሴሉ አካል ይመልሰዋል። መንገድ ላይ ላይሶዞም ከሚባለው የሴሉ ፈጪ ከረጢት ጋር ይዋሃዳል፣ አሲዱም ይበረታል። ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚዘልቀው አክሰን ሜትር ይጠጋል፤ ከረጢቱ በሰከንድ አንድ ማይክሮሜትር ቢጓዝ እንኳ ከዐሥር ቀን በላይ ይፈጅበታል። ቢዘገይም መተው አይቻልም፦ ነርቭ ሴል ስለማይከፋፈል ጥራጊውን ለልጆቹ አያካፍልም። በ2006 ለኦቶፋጂ የሚያስፈልገው ኤቲጂ5 የተባለው ጂን ከነርቫቸው የጠፋባቸው አይጦች አካሄዳቸው ተበላሽቷል።

ነርሷ ከደሴ፦
ታዲያ ማነው የሚያዘው?

ማይክሮስኮፕ ቤት፦
ብዙ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የደረሰው ጉዳት። ጤነኛ ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ፒንክ1 የተባለውን ፕሮቲን ወደ ውስጥ አስገብቶ ያስወግደዋል። ሲጎዳ ግን ፒንክ1 ላዩ ላይ ይከማችና ፓርኪን የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ይጠራል፤ ፓርኪን «ይወገድ» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል። በዘር የሚመጡ አንዳንድ የፓርኪንሰን ዓይነቶች የእነዚህ ሁለት ፕሮቲኖች ጂኖች ብልሽት ናቸው። ለዚህ የሰው ቁርስ መዝለል መፍትሔ መሆኑን ያሳየ የለም።

ፋርማሲስቱ፦
ሳይንሱ ይቆየንና ሌቮዶፓ በድንገት አይቋረጥም፤ አደገኛ ነው። ዛሬውኑ ሐኪማቸውን አነጋግሪ። ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ታዝናለች።

ነርሷ ከደሴ፦
አመሰግናለሁ። ለሐኪማቸው አሁን እደውላለሁ፤ የንስሐ አባታቸውንም ማታ ቤት እጠራለሁ። ከእኔ ይልቅ የሚሰሙት እሳቸውን ነው።