አስቸኳይ! የባሌ መከታተያ ካርታው ላይ ቆሟል፣ ምን ላድርግ?

ሚሚ ዘኦስሎ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ባሌ ብቻውን በካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ባሕር ላይ ነው። በሳተላይት መከታተያው በየ10 ደቂቃው ነጥብ ይልክ ነበር። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ግን ቀጥ ብሏል። ስልኩም አይሠራም። መከታተያውን ከዚህ ሆኜ እንዴት ነው የማስነሳው?

ብሩኬ ቴክ፦ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጊው። ካልሆነ ስልክሽን አጥፍተሽ አብሪው። የኔም አንዴ እንደዚህ ሆኖ ነበር።

አባ ታንኳ፦ 8 ሰዓት በኛ ነው በፈረንጅ? አገሩስ የት ነው? ጣና ከሆነ አታስቢ፣ ዘጌ ወርዶ ቡና እየጠጣ ነው።

ሚሚ ዘኦስሎ፦ ይቅርታ፣ ተደናግጬ ነው። ኖርዌይ፣ ሰሜን ጫፍ ያለው ፊንማርክ። በፈረንጅ 8፣ ጠዋት። አሁን 13 ሰዓት ሆኗል። ኪናሮደን የሚባለውን የባሕር ጫፍ ዞሮ ሜሃምን የምትባል ወደብ ሊገባ ነበር። እዚያ ገደል ብቻ ነው፣ መውጫ ብዙ የለም ብሎኛል።

ጋሽ መካሪ፦ ልጄ፣ ሲጀመር ለምን ብቻውን ይሄዳል? ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድሩ ማኮሊ የሚባል አውስትራሊያዊ ከታዝማኒያ ተነስቶ ብቻውን ወደ ኒውዚላንድ ቀዘፈ። አንድ ወር ያህል ቀዝፎ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የተቆራረጠ የሬዲዮ ጥሪ ተሰማ። ካያኩ ተገኘ፣ እሱ ግን አልተገኘም። ሰው ከነዚህ መማር...

አባ ታንኳ፦ ጋሼ፣ ይሄ አሁን ለሚስቱ ይነገራል?

ብሩኬ ቴክ፦ አፑን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው።

ዓሣ አጥማጁ፦ እኔ እዚሁ ኖርዌይ የዓሣ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። መከታተያውን ከሩቅ ማስነሳት አትችይም። ገደል ሰማዩን ሲከልለው፣ ወይ ዕቃው ከቦርሳ ሥር ሲገባ ምልክቱ ይጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። ግን ገጹ ላይ ሰዓቱን እይ። ዩቲሲ (የዓለም የጋራ ሰዓት) የሚል ከሆነ፣ በፈረንጆች በጋ የኖርዌይ ሰዓት በ2 ይቀድመዋል። ደግሞስ «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ» ብሎ የሰጠሽ ቀጠሮ አለ?

ሚሚ ዘኦስሎ፦ እውነትም ዩቲሲ ይላል! 10 ሰዓት ነው ማለት ነው። ቀጠሮው ግን 12 ነበር፣ አልፏል። መከታተያው ላይ ያለውን የኤስኦኤስ (የድረሱልኝ) ቁልፍ አልነካም። ሰዎቹን ላስቸግራቸው?

ቢኒ፦ ካልነካ ደህና ነው ማለት ነዋ። በባዶ ሜዳ ሄሊኮፕተር ታስነሺና ባልሽ ራሱ ይቆጣሻል። እስከ ማታ ጠብቂ።

ዓሣ አጥማጁ፦ ቢኒ፣ ተሳስተሃል። ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ውኃ ውስጥ የተገለበጠ ሰው ጣቱ ወዲያው ይደነዝዛል። ቁልፍ መጫን ሊያቅተው ይችላል። ቀጠሮ የሚያዘው ለዚህ ነው። ሚሚ፣ 120 ደውዪ፣ የባሕር አደጋ ቁጥር ነው። ሰሜኑን የሚመራው ቦዶ ያለው የነፍስ አድን ማዕከል ነው። ስለደወልሽ ብቻ ሄሊኮፕተር አይነሳም። በሬዲዮ ቻናል 16፣ በባሕር የአደጋ ጥሪ መስመር፣ ይጠሩታል፣ በአካባቢው ያለ መርከብ ካለ እንዲያይ ይጠይቃሉ። ሁርቲግሩተን የሚባለው የባሕር ዳርቻ መንገደኛ መርከብም በዚያ ያልፋል። የመጨረሻውን ነጥብ ቁጥር ከገጹ ገልብጪና ከነሰዓቱ ንገሪያቸው። ዩቲሲ መሆኑንም እንዳትረሺ! የካያኩን ቀለም፣ የለበሰውን፣ ድንኳን ይዞ እንደሆነ፣ ሬዲዮ እንዳለው ይጠይቁሻል። የአደጋ ቢከን (በሳተላይት የድረሱልኝ ምልክት የሚልክ ዕቃ) ካለውና ያስመዘገበው በአንቺ ስልክ ከሆነ መስመሩን አትያዢ። ቢከኑ ከጮኸ መጀመሪያ ሊደውሉ የሚችሉት ላንቺ ነው።

አባ ታንኳ፦ በስመ አብ። ቀልዴን አንስቻለሁ። ደውዪ እህቴ። በሰኔ እዚያ ፀሐይ አትጠልቅም፣ ፍለጋውን ጨለማ አያቋርጠውም።

ሚሚ ዘኦስሎ፦ ደወልኩ። ሰውየው ረጋ ያለ ነው፣ ልክ እንዳላችሁት ነው የጠየቀኝ። ካያኩ ብርቱካናማ ነው አልኩት። ነጩን ነው የወሰደው እንዴ ብዬ ጋራዥ ወርጄ አየሁ፣ ነጩ አለ። መልሰው ይደውላሉ። ቢከኑ በኔ ስልክ ነው፣ ልውጣ።

ጋሽ መካሪ፦ እግዚአብሔር ያውጣው ልጄ። ሲመለስ ግን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።

ቢኒ፦ ሚሚ፣ ምን አሉሽ? ይቅርታ፣ ክፉ አስቤ አይደለም።

ዓሣ አጥማጁ፦ ሚሚ?

ብሩኬ ቴክ፦ በሌላ ብራውዘር ሞክረሽዋል?